የቤት ብድሬ ወለድ ሽቅብ፣ ዶላሩ ቁልቁል፤ የወንድሜን ዩሮ ልቀበል?

ባለታክሲው (ዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ)፦ ሜይ 2008

ሰላም ወገኖች። ዲሲ ታክሲ ነው የምነዳው። በ2005 መጨረሻ እዚህ ዉድብሪጅ ታውንሃውስ ገዛሁ። ብድሩ 360 ሺህ ዶላር ነው። ብሮከሩ ያገሬ ልጅ ስለሆነ አምኜው ፈረምኩ። «ሁለት ዓመት ብቻ ክፈል፣ እስከዚያ ቤቱ ዋጋው ይጨምራል፣ ከዚያ ሪፋይናንስ ታደርጋለህ፣ ማለትም ብድሩን በአዲስ ብድር ትተካለህ» አለኝ። ወለዱ 6.99 በመቶ ነበር፤ በወር 2,390 ዶላር። ከጃንዋሪ ጀምሮ ግን 9.99 ሆነና 3,125 መክፈል ጀመርኩ። ሪፋይናንስ እንዳልል ከጎኔ ያለውን ቤት ባንክ ወስዶ በ235 ሺህ ለሽያጭ አውጥቶታል። ማን ያበድረኛል? ቤንዚኑም ጋሎኑ 4 ዶላር ሊሞላ ነው።

ፍራንክፈርት ያለው ታላቅ ወንድሜ «10 ሺህ ዩሮ ልላክልህ፣ ዶላር ስለወደቀ ከ15 ሺህ በላይ ይሆንልሃል» አለኝ። ሚስቴ ደግሞ «ዶላር ከወደቀ ዕዳችንም ቀለለ ማለት ነው፣ ምን ያስቸኩላል» ትላለች። እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። ለእናቴ የምልከው 200 ዶላር አሁንም ያው 1,900 ብር ገደማ ነው። ታዲያ ወደቀ የሚሉት የቱ ዶላር ነው?

የሒሳብ ሰው (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

ወንድሜ፣ አንተ የምታገኘውም የምትከፍለውም በዶላር ነው። ዶላር ከዩሮ ጋር ሲተያይ ስለወረደ ያንተ ዕዳ አንዲት ሳንቲም አይቀንስም። የቀለለው ለወንድምህ ነው። በ2002 መጀመሪያ አንድ ዩሮ 90 ሳንቲም እንኳ አይሞላም ነበር፣ ዛሬ ከ1.50 ዶላር በላይ ነው። ብር ደግሞ ከዶላሩ ጋር ተያይዞ ስለሚሄድ አዲስ አበባ ላይ መውደቁ አይታይህም። የብሩን አቅም ለማወቅ ከፈለግህ ይልቅ እናትህን ጤፍ ስንት ገባ ብለህ ጠይቃቸው።

ባለቤትህ ግን ግማሽ ልክ ናት፣ በሌላ መንገድ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ካለፈው ሴፕቴምበር ወዲህ ዋናውን ወለድ ከ5.25 ወደ 2 በመቶ አውርዶታል። ዶላሩን ካዳከሙት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ያንተ ብድር በየ6 ወሩ በላይቦር (ባንኮች እርስ በርስ በሚበዳደሩበት ወለድ) የሚታሰብ ከሆነ ወለድህም ሊወርድ ይችላል። የፈረምከውን ወረቀት አውጣና ሦስት ነገር እይ፦ ማርጂኑ (በላይቦር ላይ የሚደመረው) ስንት ነው፣ ቀጣዩ ለውጥ መቼ ነው፣ ከስንት በታች አይወርድም ይላል።

ቤቴን ያጣሁ (ማናሳስ)፦

የወንድምህን ገንዘብ አትንካ። 15 ሺህ የአምስት ወር ክፍያ ነው። ከዚያስ? እኔ የእህቴን ገንዘብ እንደዚያ አድርጌ አቃጥዬዋለሁ። ቤቱም ሄደ፣ ከእህቴም ጋር እስካሁን አንነጋገርም።

የባንኩን ደብዳቤ ክፈት። እኔ ሳልከፍት ፍሪጅ ላይ ስቆልል ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ ቤትህን ለመሸጥ ፍርድ ቤት መሄድ አይጠበቅባቸውም፣ ሳታስበው ነው የሚሸጡት። ቁልፉን ጥዬ እሄዳለሁ ካልክም ቤቱ ከዕዳው ባነሰ ከተሸጠ ልዩነቱን ሊጠይቁህ ይችላሉ። ሃድ (የአሜሪካ መንግሥት የቤቶች መሥሪያ ቤት) የፈቀደላቸው የቤት አማካሪዎች አሉ፣ በነፃ ነው። «ቅድሚያ ክፈለኝና ቤትህን አድንልሃለሁ» የሚልህን ግን በሩን ዝጋበት። የእኛው ሰው ቢሆንም!

ባለታክሲው፦

ወረቀቱን ከሻንጣ ሥር አገኘሁት። ማርጂኑ 6.25፣ ቀጣዩ ለውጥ ጁላይ 1፣ ከ6.99 በታች አይወርድም ይላል። ላይቦር አሁን 3 ስለማይሞላ ከ9.25 በታች ይመጣል ማለት ነው። በወር ወደ 200 ዶላር ይቀንስልኛል። ቤት አያድንም፣ ግን ቤንዚን ይሞላል። ሰኞ አማካሪ ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ። ወንድሜን «ለጊዜው ዩሮህን ያዝ» ብለው «ዶላር መልሶ ከወጣስ?» አለኝ። መልስ አጣሁለት።

ሚስቴ ደግሞ «ግማሽ ልክ ናት» የምትለዋን አንብባ ግማሹን ትታዋለች።