ስናፕድራጎን ወይስ ዳይመንሲቲ? ሁለት ስልክ መሃል ግራ ገባኝ

ግራ የገባት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ስልክ መርጬ መወሰን አቃተኝ። የአንደኛው ፕሮሰሰር (ስልኩን የሚያሠራው ዋና ቺፕ) ስናፕድራጎን 7ኤስ ጄን 2 ነው፣ የሌላኛው ዳይመንሲቲ 8300። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው፣ ራማቸውም እኩል። ወንድሜ «ስናፕድራጎን ካልሆነ ስልክ አይባልም» እያለ ያደርቀኛል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሙቀቱ ነው። አሁን የያዝኩት ስልክ ጌም ከከፈትኩ 15 ደቂቃ ሳይሞላው ጀርባው ይፋጃል፣ ከዚያ መንቀርፈፍ ይጀምራል። የቱን ልግዛ? አደራ፣ እህታችሁን አማክሩኝ።

ኮር ቆጣሪው፦
እህቴ፣ ወንድምሽ ይቅር ይበለኝና በዚህኛው ተሳስቷል። ለጌም ከሆነ 8300 በሰፊው ይበልጣል።

ነገሩ ስሙ ነው የሚያሳስተው። 7ኤስ ጄን 2 «ሰባት» ተባለ እንጂ ውስጡ ሲታይ የስናፕድራጎን 6 ጄን 1 የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለቱም አራት ኮርቴክስ ኤ78 እና አራት ኮርቴክስ ኤ55 ኮር (ስሌቱን የሚሠራው የቺፑ ክፍል) አላቸው። ግራፊክሱም (የጌሙን ምስል የሚሠራው ክፍል) ሁለቱም ላይ አድሬኖ 710 ነው። የትልልቆቹ ኮሮች ፍጥነት ከ2.2 ወደ 2.4 ጊጋኸርዝ ከፍ አለና አዲስ ስም ወጣለት። ኤ78 ራሱ በ2020 ይፋ የሆነ ንድፍ ነው። 8300 ላይ ያሉት ትልልቆቹ ግን ኤ715 ናቸው፣ እስከ 3.35 ጊጋኸርዝ ይሄዳሉ።

ጉድ የሚያሰኘው ደግሞ 7ፕላስ ጄን 2 የሚባል መኖሩ ነው። እሱም እንደ 7ኤስ በ2023 የወጣ ነው። ከ7ኤስ ጋር በአንድ ቃል ብቻ ይለያያሉ፣ አቅማቸው ግን ሰማይና ምድር ነው፤ 7ፕላስ ኮርቴክስ ኤክስ2 የሚባለውን ትልቅ ኮር ይዟል። ሻጭ «ሰባት ጄን 2 ነው» ካለሽ «የትኛው ሰባት?» በይው። ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን አፕ ከፍተሽ ቁጥሩንም ማየት ትችያለሽ። 7ኤስ ከሆነ ኤስኤም7435 ይላል፣ 7ፕላስ ከሆነ ኤስኤም7475።

የዳይመንሲቲ ሠሪ ሚዲያቴክም ቢሆን ከስናፕድራጎን ሠሪ ከኳልኮም የተሻለ ጻድቅ አይደለም። ዳይመንሲቲ 6080 ማለት ስሙ የተቀየረ 810 ነው።

ኢሙሌተር ወዳጅ፦
ወንድሟን እንዲህ አታዋርዱት እንጂ 😄 ስናፕድራጎን የሚወደድበት ምክንያት አለው። የቆዩ የኮንሶል ጌሞችን በኢሙሌተር (ኮንሶሉን አስመስሎ ጌሙን ስልክ ላይ የሚያስኬድ አፕ) ለሚጫወት ሰው በስናፕድራጎኑ ግራፊክስ በአድሬኖ ላይ ተርኒፕ የሚባል ክፍት ድራይቨር (ግራፊክሱን የሚያሠራ ሶፍትዌር) አለ። ማሊ የሚባለው ግራፊክስ ላይ እንዲህ ያለ ምርጫ የለሽም፣ 8300 ደግሞ ማሊ ነው። የስልካቸውን የሶፍትዌር ቁልፍ ከፍተው ሌላ ሮም (ሌላ ዓይነት አንድሮይድ) የሚጭኑ ልጆችም ስናፕድራጎን ይቀናቸዋል። ከፕሌይ ስቶር አውርደሽ የምትጫወቺ ከሆነ ግን ይሄ አይመለከትሽም።

ጠጋኙ፦
እኔ የምጠግን ሰው ነኝ። ስለ ሙቀቱ ልናገር።

ቺፑን ብቻ አትዪ። ስልኩ ሲከፈት ፕሮሰሰሩ በቆርቆሮ ክዳን ተሸፍኖ ነው የሚገኘው። ክዳኑን ስታነሺ ሙቀት የሚያስተላልፍ ነጭ ወይም ግራጫ ፓስታ (ቅባት) ተቀብቷል። ፓስታውን ጠርገሽ የምታነቢው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የፕሮሰሰሩ አይደለም፣ የራሙ ነው፤ ራሙ ከላዩ ተደርቦ ስለሚበየድ። ስለዚህ ሙቀቱ የሚወጣው ራሙን አልፎ ነው። ከዚያ በኋላ የሚወስነው የስልኩ ሠሪ ነው። አንዱ ሰፊ የማቀዝቀዣ ንጣፍ ያደርግለታል፣ ሌላው ቁራጭ ግራፋይት ለጥፎ ይዘጋዋል። አንድ ዓይነት ቺፕ የያዙ ሁለት ስልኮች አንዱ ሲግል ሌላው ለብ ብሎ ሲቀር በእጄ አይቻለሁ።

ቺፑ የት እንደተመረተም ለውጥ ያመጣል። ኳልኮምም ሚዲያቴክም ፋብሪካ የላቸውም፣ ነድፈው ለሌላ ያስመርታሉ። ስናፕድራጎን 8 ጄን 1 ሳምሰንግ ፋብሪካ ተመርቶ በሙቀት ስሙ ጠፋ። በ2022 ዋናውን ንድፍ እንደያዘ ወደ ታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ወሰዱትና 8ፕላስ ጄን 1 ሆኖ ወጣ። በጣም ተሻሻለ።

ግራ የገባት፦
እሺ፣ ስም መቀያየሩን ምን አመጣው? ሰውን ለማደናገር ነው?

ኮር ቆጣሪው፦
በከፊል አዎ። በመካከለኛ ዋጋ ስልክ ላይ ኳልኮምም ሚዲያቴክም የኮሩን ንድፍ አርም ከሚባል ኩባንያ ነው የሚወስዱት። ያው ኮር፣ ብዙ ጊዜም ያው ፋብሪካ። ታዲያ በምን ይለያዩ? በዋጋ፣ በግራፊክስ፣ በሞደምና በካሜራ ማቀነባበሪያ፤ ከዚያ በስም። ሚዲያቴክ ድሮ የርካሽ ስልክ ቺፕ ተብሎ ይናቅ ነበር። በ2020 ሦስተኛ ሩብ ዓመት በስልክ ቺፕ ብዛት ኳልኮምን አለፈው። ኳልኮም ደግሞ በ2021 ኑቪያ የሚባል ቺፕ ነዳፊ ኩባንያ በ1.4 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ ኦርዮን የሚባል የራሱን ኮር ሠራ፤ በ2024 በስናፕድራጎን 8 ኢሊት ስልክ ላይ ደረሰ። የስልክ ቺፕ ገበያው ምሕረት የለውም። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ2012፣ ኢንቴል በ2016 ጥለውት ወጥተዋል።

ጠጋኙ፦
ወደ ጥያቄዋ እንመለስ እንጂ፣ ልጅቷ ታሪክ አልጠየቀችም። እህቴ፣ ከሁለቱ ስልኮች አንዱን የያዘ ሰው ካወቅሽ ስሪዲማርክ የሚባለው የመፈተኛ አፕ ላይ ዋይልድ ላይፍ የሚለውን ስትሬስ ቴስት (ስልኩን አጨናንቆ የሚፈትን) አስኪጂው። 20 ዙር ነው፣ 20 ደቂቃ ይፈጃል። የመጀመሪያውን ዙር ውጤት አትዪ፣ እሱ ለጉራ ነው። የመጨረሻዎቹ ምን ያህል እንደወረዱ እዪ። ሽፋኑን አውልቀሽ፣ ቻርጅ ላይ ሳይሆን።

ግራ የገባት፦
የሥራ ባልደረባዬ 8300 ያለውን ይዛለች፣ ዛሬ አስኬድነው። መጨረሻ ላይ ወረደ፣ ግን ትንሽ ነው፤ ጀርባውም ይያዛል። ችግሩ የስናፕድራጎኑ ስልክ ካሜራ ልቤን ይዞታል።

ኢሙሌተር ወዳጅ፦
በቀን ስንት ሰዓት ትጫወቻለሽ?

ግራ የገባት፦
ሁለት። እሺ፣ ሦስት።

ኢሙሌተር ወዳጅ፦
8300 ግዢ። ፎቶውን ወንድምሽ ያንሳሽ።