ዝቅ ያለች ኮሮላ ላይ ሰፊ ቸርኬ፤ ጎማው ፓራፋንጎ እየነካ ነው

የሳሪሱ፦
ሰላም ወንድሞች። መኪናዬ የ2004 ኮሮላ ነች። ሞላዋን ቀይሬ 4 ሴንቲ ዝቅ አድርጌያታለሁ። ይዛው የመጣችው ቸርኬ 15 ኢንች፣ ስፋቱ 6 ኢንች፣ ኦፍሴቱ (በብሎን የሚታሰረው ፊት ከቸርኬው ስፋት መሃል ያለው ርቀት) 45 ሚሊ ነው። ሶማሌ ተራ 16 ኢንች አሎይ አገኘሁ፤ ስፋቱ 7.5፣ ኦፍሴቱ 35። ብሎኑ 4 በ100 (አራት ብሎን፣ 100 ሚሊ ክብ ላይ) ስለሆነ ልክክ አለ። ጎማው 205/50 ነው፤ ስፋቱ 205 ሚሊ ማለት ነው።

ብቻዬን ስነዳ ሰላም ናት። ትናንት ግን እናቴንና ሁለት እህቶቼን ከኋላ ጭኜ ጉብታ ስወርድ ክርርር አለ። ወርጄ ሳይ የጎማው ትከሻ በሞረድ የተሞረደ ይመስላል። ፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ተለጥፏል። ደግሞ 80 ስገባ መሪው ይንቀጠቀጣል። ባላንስ ሁለቴ አሠርቻለሁ። ቸርኬዎቹን በጣም ነው የምወዳቸው። ምን ላድርግ?

ቪትዝ፦
ጎማውን 195/50 አድርገው፣ ይገላግልሃል።

ጎሚስታው፦
195ን 7.5 ላይ አትሞክር። ጎማው ይለጠጣል፤ ጉድጓድ ሲመታ ከቸርኬው ጠርዝ ሊለቅ ይችላል። ቤተሰብ ነው የምትጭነው።

ስሌቱን እንየው። ስፋቱ በ1.5 ኢንች ጨምሯል፤ 38 ሚሊ ነው። ግማሹ፣ 19፣ ወደ ውጭ ይሄዳል። ኦፍሴቱ ከ45 ወደ 35 ሲወርድ ሌላ 10 ይጨመራል። ጠርዙ 29 ሚሊ ወጥቷል ማለት ነው። ወደ ውስጥ የገባው 9 ብቻ ነው። ስፋቱ 7፣ ኦፍሴቱ 40 የሆነ ብትገዛ ኖሮ ወደ ውጭ 18 ገደማ ነበር።

አሁን ያለህ መንገድ የፓራፋንጎውን የውስጥ ጠርዝ ወደ ላይ ማጠፍ ነው። መጀመሪያ ቀለሙን በደንብ አሙቁት። ቀዝቃዛ ቀለም ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲገባ ዝገቱ ከዚያው ይነሳል። ካልበቃ ሞላውን 2 ሴንቲ ከፍ አድርግ። ስፔሰር (ከቸርኬው ጀርባ የሚገባ ማራቂያ) ግን እንዳታስብ፤ ጭራሽ ያወጣዋል፣ ኩሽኔታውንም ይጎዳል።

መንቀጥቀጡ ሌላ ጉዳይ ነው። የኮሮላ ሞዞ (የቸርኬው መሃል የሚገባበት ክብ) 54.1 ሚሊ ነው። ብዙ አሎይ የመሃል ቀዳዳው 73.1 ነው፣ ለብዙ መኪና እንዲሆን። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ከሌለው ቸርኬው መሃሉን አይዝም። ለክተህ ቀለበቱን ቶርኖ ቤት በአሉሚኒየም አስወጣ። ቸርኬውን የሚያስረውን ዳዶም እየው፤ የቸርኬው የብሎን ቀዳዳ ሾጣጣ ከሆነ ዳዶውም ሾጣጣ መሆን አለበት።

የሳሪሱ፦
ኑርልኝ ወንድሜ። ለካሁት፣ 73.1 ነው። አራት ቀለበት አሠራሁ። ዛሬ ቀለበት መንገድ ላይ 80 ገባሁ፣ መሪው ንቅንቅ አላለም። ጠርዙን ቅዳሜ ነው የማሳጥፈው። እስከዚያ እናቴን በታክሲ ነው የምሸኛት።