እቁብ ወጣልኝ፤ የጎደለኝን ግን አጣሁት

ቆጣሪው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 46 ነው፤ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ስሠራ 19 ዓመቴ ነው። ሥራዬ የሰው ንብረት መቁጠር ነው። በሞዴል 19 ቅጽ ገቢ፣ በሞዴል 22 ቅጽ ወጪ፤ ሰኔ 30 ሲደርስ ደግሞ ብሎን ሳይቀር ቆጥሮ ከቢን ካርዱ (የዕቃው ገቢና ወጪ ከሚጻፍበት ካርድ) ጋር ማመሳከር።

የመሥሪያ ቤት እቁብ አለን። 40 ሰው ነን፤ በሳምንት 1,500 ብር እንጥላለን። ከደመወዜም ባለቤቴ ከምትሸጠው እንጀራም እያዋጣን ነው የምንከፍለው። ባለፈው ዓርብ፣ በ7ኛው ሳምንት፣ ዕጣዬ ወጣ። 60,000 ብር። የምረከበው በሚቀጥለው ዓርብ ነው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤቴ ጎደሎ ሆነብኝ። እስከ ሐሙስ ደህና የነበረው ሶፋ ዓርብ ማታ አረጀ። 32 ኢንቹ ቴሌቪዥን ቴምብር አከለ። የባለቤቴ እህት እንኳን ደስ አላችሁ ልትል መጥታ፣ ሲኒዋን እንደያዘች ዙሪያውን ቃኘችና «እንግዲህ ይህን ሶፋ ትገላገሉታላችሁ» አለች። እኔም ለካ እየተሰቃየሁ ኖሬያለሁ አልኩ።

አብራኝ የምትሠራ ልጅ ደግሞ ባሏ ለኩላሊት ጠጠር ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተይዞለታል። «ጋሼ፣ ዕጣዎን ይስጡኝ፤ የእኔ ሲወጣ እርስዎ ይወስዳሉ» አለችኝ። ላስብበት አልኳት። ያሰብኩት ግን ስለ ሶፋው ነው።

ዛሬ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የቤቴን ቆጠራ ሠራሁ፤ እውነቴን ነው። ብርጭቆ 31፣ የምንጠቀመው 6። ሲኒ 14። ጀሪካን 9 (ጀሞ የምትኖሩ የውሃውን ነገር ታውቃላችሁ)። ጃንጥላ 4፣ የሚዘረጋው 2። ብርድ ልብስ 7፤ ሁለቱ በ1996 ከተጋባን ጀምሮ «ለእንግዳ» ተብለው ከነላስቲካቸው የተቀመጡ። በዚህ ሁሉ ዓመት ለነሱ የሚመጥን እንግዳ አልመጣም ማለት ነው። ወንበር 5። ስድስተኛው የፍሪጁ ጎማ ስለላላ በሩን ደግፎ ቆሟል፤ ስለዚህ በወንበርነት አልመዘገብኩትም።

ቤቱ ራሱ በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበን፣ ዕጣ ስንጠብቅ ኖረን ያገኘነው ነው። 4ኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። ስንረከበው ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ነበር። ካርቶን አንጥፈን አደርን፤ ባለቤቴ ሌሊት ተነስታ ግድግዳውን በእጇ ስትዳብስ አይቻታለሁ።

በሙያዬ ካየሁት ጉድለት የለም፤ ሂሳቡ ይዘጋል። ታዲያ ዕረፍት ያጣሁት ለምንድን ነው? ባለቤቴ ዝርዝሩን አይታ «እኔንስ በየትኛው ሞዴል ገቢ አደረግከኝ?» ብላ ሳቀች እንጂ ምክር አልሰጠችኝም። እናንተስ «ይበቃኛል» የምትሉት መቼ ነው? ዕጣውን ልስጣት ወይስ ሞኝነት ነው?

ናቲ መገናኛ

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፤ «ይበቃኛል» ለብር አይሠራም። ሐምሌ 2016 ላይ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። እኔ ያኔ አልቸኩልም ብዬ የላፕቶፕ መግዣዬን አስቀምጬ ነበር። አሁን በዚያ ብር ቻርጀሩንና ግማሽ ስክሪኑን እገዛለሁ።

ልጅቷ ሲወጣላት የሚረከቡት 60,000 የዛሬው 60,000 አይሆንም። ሶፋው ይቅር ካሉ ይቅር፤ ጤፍ ገዝተው ያስገቡ። ደግሞ «ያለህን ተመስገን በል» የሚለውን ምክር አለቃዬ በጣም ይወደዋል። በተለይ የደመወዝ ጭማሪ ስንጠይቀው።

ዘይነባ ከጅዳ

ወንድሜ፣ እኔ 11 ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። በላኩት ብር ኮምቦልቻ እማዬ ቤት ሶፋ፣ ቡፌ፣ ምንጣፍ ተገዛ። አምና ለዕረፍት ስሄድ ሶፋው ከነላስቲኩ ተቀምጧል፤ እማዬ ጓሮ በርጩማዋ ላይ ሆና ቡና ትቆላለች። ለምን አትቀመጪበትም ስላት «ያንቺ ላብ ነው፤ እንዴት ብዬ እቀመጥበታለሁ» አለችኝ። ተናድጄ ላስቲኩን በቢላ ቀደድኩት።

ሦስት ቀን ተቀመጠችበት። በአራተኛው ነጠላዋን ሶፋው ላይ አልብሳ ወደ በርጩማዋ ተመለሰች። እኔም ዝም አልኩ። እርስዎ ቤት ግን ማን እንደሚቀመጥበት መጀመሪያ ይጠይቁ።

የሰፈር እቁብ ዳኛ

ልጄ፣ 22 ዓመት እቁብ ዳኝቻለሁ። ቆጣሪ ነኝ ትላለህ፤ ትልቁን ነገር ግን አልቆጠርከውም። 7 ሳምንት ከፍለሃል፤ 10,500 ብር። 49,500ው ገና ያልከፈልከው ነው። የወጣልህ ሀብት ሳይሆን ወለድ የሌለው ብድር ነው። ሰው ዕጣ ሲወጣለት በአንድ ጊዜ ሀብታም የሆነ ይመስለዋል፤ በ30ኛው ሳምንት ሶፋው ቆሽሾ ክፍያው ሲቀጥል ነው እኛ ዋስ ፍለጋ የምንዞረው።

ለልጅቷ ልትሰጥ ከወሰንክ በጓዳ እንዳትጨርሱ። ዳኛውና ጸሐፊው ባሉበት መዝገቡ ላይ ይስተካከል፣ ዋሷንም ራሷ ታምጣ። አለዚያ መክፈል ቢያቅታት ዕዳው የሚፈለገው ካንተ ነው። ናቲ ያለውም እውነት ነው፤ ትከስራለህ። ስንት እንደምትከስር አውቀህ ስጥ። እኔ አንዴ ሳላስብበት ሰጥቼ፣ ሰውየውን ሁለት ዓመት ቂም ይዤበታለሁ። እሱ ምን አጠፋ?

ቆጣሪው (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ዳኛ፣ 49,500ው እንቅልፍ ነሳኝ። በ19 ዓመት ሙያ የብድር ዕቃ እንደራስ ንብረት መመዝገብ! ለማንም እንዳይነግሩብኝ።

ረቡዕ ዳኛችን ፊት ሄደን መዝገቡ ተስተካከለ፤ ዋሷ ወንድሟ ሆነ። የእሷ ዕጣ ሲወጣ ብሩ ጤፍ ይገዛበታል፤ ናቲ፣ ሐሳብህን ባለቤቴ ከእኔ ቀድማ ተቀብላዋለች።

ቅር አላለህም ወይ ካላችሁ፣ ብሎኛል። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ሶፋ ቤት ገብቼ ዋጋ ጠየቅኩ። 74,000 አሉኝ። ብሩ ቢኖረኝም የማይበቃኝ መሆኑ ደስ አለኝ፤ ይኼ ጥሩ ጠባይ አይደለም መቼም።

የዘይነባን ካነበብን በኋላ የእንግዳ ብርድ ልብሶቹን ከፈትናቸው። አንዱን ብል በልቶታል። ሌላው ደህና ነው፤ ትናንት ለብሰነው አደርን፤ እንዴት ይሞቃል!

የፍሪጁንም ጎማ በ1,800 ብር አስቀየርኩ። በሩ አሁን በራሱ ይዘጋል። በቆጠራው ላይ ማስተካከያ፦ ወንበር 6።