የገና ድፎ ዳቦ ለችግረኛ ቤተሰቦች፦ ለጋራ ሐሳባችን የቀረበ ውይይት

ከጸሐፊዋ፦
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ በጅማ ከተማ በሄርማታ መርካቶ፣ በመንደራ ቆጪና በጅሬን ሰፈሮች ለሚኖሩ 40 ችግረኛ ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው ከ2 ኪሎ ዱቄት የተጋገረ ድፎ ዳቦ ለገና ለማድረስ ታስቧል። ባለ 50 ኪሎ ሁለት ጆንያ ዱቄት ብንገዛ 20 ኪሎ መጠባበቂያ ይተርፈናል። ጋገራው በአንድ ግቢ፣ በስድስት ምጣድ እንዲሆን የቀረበውን ሐሳብ ተመልክታችሁ አስተያየታችሁን እንድትሰጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአንዲት አባል፦
እህታችን ጸሐፊ፣ ሐሳቡን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ከላይና ከታች እሳት የሚነድበት ይህን ያህል ድፎ እስኪበስል አንድ ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ በስድስት ምጣድ 40 ዳቦ ለማውጣት ሰባት ዙር ያስፈልጋል፤ ተራውን የሚጠብቀው ሊጥም ኩፍ ካለ በኋላ ተመልሶ ይወርዳል፣ ይኮመጥጣልም። ዱቄቱን በጋራ ገዝተን እያንዳንዳችን በየቤታችን አንድ አንድ ብንጋግር ይሻላል። የኮባ ቅጠሉ እንደሆነ ከጓሯችን አይጠፋም።

ከአንድ አባል፦
ጾሙ ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ታኅሣሥ 28 ስለሚቆይና ዳቦው በዋዜማው ስለሚደርስ፣ በሊጡ ውስጥ ቅቤ፣ ወተትም ሆነ እንቁላል አይግባ፤ ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ይበቃዋል። እኔ ሙስሊም ብሆንም የቤቴን ድርሻ በደስታ እናስጋግራለን፤ ለኢድ አል ፈጥርም በዚሁ መንገድ እንድንሠራ በቃለ ጉባኤው ይያዝልኝ።

ከሌላ አባል፦
ባለፈው ዓመት ለአንዲት እናት ዳቦ ያደረስሁት እኔ ነበርሁ። በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ መርቀውኝ ሲያበቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ዱቄት ተርፏችሁ ይሆን?» አሉኝ። ምጣዳቸው ተወልውሎ ከግድግዳው ተደግፎ ቆሟል። ልጆቻቸው የበዓል ዳቦ ሽታ ከጎረቤት ሳይሆን ከገዛ ቤታቸው እንዲሸታቸው ፈልገው ነበር፤ እኔ ግን የምሰጣቸው አልነበረኝም። ስለዚህ መጋገር ለሚችል ቤት ዱቄት፣ እርሾ፣ ዘይትና ማገዶ እንስጥ፤ የተጋገረው ዳቦ ለአረጋውያን፣ ለሕሙማንና ምጣድ ለሌላቸው ይሁን። ስንሰጥም ፎቶግራፍ እንዳይነሣ አጥብቄ እለምናለሁ።

ከገንዘብ ያዡ፦
የማገዶ ወጪ በመጀመሪያው በጀት አልተያዘም፤ ከመዋጮው ላይ እንዲሸፈን እስማማለሁ።

ከጸሐፊዋ፦
እንግዲህ የጋራ ሐሳባችን በዚህ መልክ ተሻሽሏል፦ ዱቄቱ በጋራ ይገዛል፣ ጋገራው በየቤቱ ይሆናል፣ ሊጡ የጾም ይሆናል፣ ዳቦ ወይስ ዱቄት እንደሚሻላቸው የሚወስኑትም ቤተሰቦቹ ራሳቸው ናቸው። ከየሰፈሩ ሁለት ሁለት እናቶች እስከ ታኅሣሥ 15 ቀን በየቤቱ በአካል ሄደው፣ እንደ ጎረቤት ቡና ላይ ቁጭ ብለው ይጠይቁልን።