በስሜን ተራሮች ለሦስት ሌሊት የትኞቹን ማደሪያዎች ብንመርጥ ይሻላል?

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ኅዳር ከታናሽ እህቴ ጋር ከደባርቅ ተነሥተን በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሦስት ሌሊት ለማደር ስላሰብን፣ መንገዱን በእግራችሁ የሄዳችሁበት እንድትመክሩን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የተለመደው ጉዞ ሳንቃበር፣ ግጭ እና ጨነቅ እያሉ ማደር ነው። ያስቸገረኝ ከፍታው ነው። ዓምና በመኪና በቀጥታ ጨነቅ ወጥተን 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ስናድር፣ እህቴ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ቁጭ እንዳለች አነጋች፤ የጠጣችውን ውኃ እንኳ ሆዷ አልቀበል አለ። በኮዳችን የተረፈው ውኃ ጠዋት ላይ አፉ በስሱ በረዶ ሠርቶ ነበር።

ስለዚህ 3,250 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው ሳንቃበር ሁለት ሌሊት አድረን ሰውነታችንን ካለማመድን በኋላ፣ ሦስተኛውን ሌሊት ግጭ ለማደርና በማግሥቱ እሜትጎጎ የተባለው ተራራ ጫፍ ላይ ለመውጣት አዘንብያለሁ። ይሁን እንጂ ግጭ የመኪና መንገድ ስለሌለው፣ ሌሊት ብትታመምብኝ ከበቅሎ በቀር ማውረጃ አይኖረኝም። ሳንቃበርና ጨነቅ ግን መኪና ይደርስባቸዋል፤ እህቴም ዋልያን በቅርብ ለማየት ጨነቅን አጥብቃ ትመኛለች።

አንድ ሌሊት መጨመሩ በእርግጥ ይበቃል? በማደሪያ ቤቶቹ ያለው ፍራሽና ብርድ ልብስ የኅዳርን ቁር ይችላል ወይስ ድንኳንና ስሊፒንግ ባግ ከደባርቅ እንከራይ? በቅርቡ ያደራችሁበት ካላችሁ ያያችሁትን ብትነግሩኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።