ፐርዱ ወይስ ጆርጅ ሜሰን? ለስም ስንት ይከፈላል?

የፌርፋክሱ አባት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄን ለሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ኢንዲያና ያለው ፐርዱም እዚሁ ቨርጂኒያ ያለው ጆርጅ ሜሰንም ተቀብለውታል። ስኮላርሺፕ የለም። የእሱ ልብ ፐርዱ ነው። እናቱም «ዕድሉን አትዝጋበት» ትላለች። እስከ ሜይ 1 መወሰን አለብን። ምን ትላላችሁ?

ፐርዱ የተማርኩ፦
ላከው እንጂ! ኒል አርምስትሮንግ የተማረበት ቤት እኮ ነው። ኢንዱስትሪያል ራውንድቴብል የሚባል የሥራ ትርዒት አለ፤ ድርጅቶቹ ግቢ ድረስ መጥተው ነው ኢንተርን የሚመለምሉት። ሜሰን ያለ ልጅ ያን ሁሉ በር እየዞረ ማንኳኳት አለበት። ገንዘብ ይመጣል።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
«ገንዘብ ይመጣል» የሚል ሰው የወላጅ ብድር ፈርሞ አያውቅም 😂

ሒሳብ ይውደድ፦
ኧረ ቁጥሩን እንየው። ፐርዱ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ክፍያ አልጨመረም፤ ጎበዝ። ግን በዓመት 9,992 ዶላር የሚከፍለው የኢንዲያና ልጅ ነው። ከሌላ ስቴት የመጣ 28,794 ይከፍላል፣ የኢንጂነሪንግ ተጨማሪውን ሳንቆጥር። በአራት ዓመት 115 ሺህ አለፈ፤ ገና ምግብና ዶርም አልገባም። አሁን ብድሩን ተመልከቱ። ተማሪው በራሱ ስም ከፌዴራል የሚያገኘው በአራት ዓመት 27 ሺህ ነው። ወላጅ በራሱ ስም ከፌዴራል የሚወስደው የወላጅ ፕላስ ብድር ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ በዓመት 20 ሺህ፣ በጠቅላላ ለአንድ ልጅ 65 ሺህ ላይ ይቆማል። ሁለቱ ተደምረው 92 ሺህ። ትምህርቱን እንኳ አይሸፍንም! የቀረውን ከግል ባንክ ልትበደር ነው፣ እሱ ደግሞ ወለዱም ፈራሚውም ሌላ ጣጣ ነው። ሜሰን ለቨርጂኒያ ልጅ በዓመት ወደ 15 ሺህ ነው።

ፐርዱ የተማርኩ፦
እሺ፣ ግን ጥራቱስ?

ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፦
የሁለቱም ሜካኒካል የአቤት (ABET፣ የኢንጂነሪንግ ትምህርት መዛኙ ድርጅት) ዕውቅና አለው። ፈቃድ ለማውጣት የሚቀመጡበት የኤፍ ኢ ፈተናም አንድ ዓይነት ነው፤ ፈተናው የት ተማርክ ብሎ አይጠይቅህም። ሌላም አለ፣ ፐርዱ አንደኛ ዓመት ላይ ሁሉንም «ፈርስት ይር ኢንጂነሪንግ» ነው የሚያስገባው፣ ሜካኒካል የሚባለው በኋላ ነው፣ ውጤት ካነሰ ደግሞ የፈለገውን ላያገኝ ይችላል። ይህን ለልጁ ነግረኸዋል? እኔ የምለው፣ ልዩነቱ 10 ሺህ ቢሆን ፐርዱ ይሂድ ነበር። የመጀመሪያ ሥራ ላይ ስም ይረዳል፣ አይካድም። ለዚህ ያህል ብር ግን አይረዳም።

ኖቫ የጀመርኩ፦
ሦስተኛ መንገድ አለ እኮ። ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ሁለት ዓመት፣ ከዚያ አድቫንስ በሚባለው የማሻገሪያ ፕሮግራም ወደ ሜሰን። ሐበሻ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሲባል ለምን ያፍራል?

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ለቡና ጎረቤት የሚነገር አይደለማ 😂

የፌርፋክሱ አባት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ92 ሺሁን ነገር አላወቅኩም ነበር። ዛሬ ማታ እኔ ሳልናገር ልጁ ራሱ ይደምረው። ሜሰን ከሆነ ግን ቤት ይኑር ወይስ ዶርም ይግባ?

ሒሳብ ይውደድ፦
ዶርም?! ታዲያ ምኑን ቆጠብከው!

ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፦
ለአንደኛ ዓመት ብቻ አስገባው። ኢንጂነሪንግ ከጓደኛ ጋር ሌሊት ካልተጠና አይገፋም።