የዋኮን ከበባ ወደ አስፈሪ ትሪለር መለወጥ፦ ፍርሃቱ ከየት ይምጣ?

ብዕረኛው፦
ሰላም ለሁላችሁ። መነሻው በ1993 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ውስጥ የተካሄደው የዋኮ ከበባ የሆነ የፊልም ጽሑፍ ላይ ምክር እፈልጋለሁ፤ የአሜሪካ ፌዴራል ወኪሎች ብራንች ዳቪድያን የተባለ የሃይማኖት ቡድን የሚኖርበትን ቤት የከበቡበት ማለቴ ነው። ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ ታሪኩ ይላላል። 51 ቀን ሙሉ ፍርሃቱን እንዴት ላቆየው?

ትዕይንት፦
ፍርሃቱን ከተኩሱ በፊት ጀምረው። ወኪሎቹ ቤቱን በወረሩበት ጠዋት መንገድ የጠፋበት የቴሌቪዥን ካሜራማን አንድ ፖስተኛ ጠየቀ፤ ፖስተኛው የቡድኑ መሪ የዴቪድ ኮሬሽ ሚስት ወንድም ነበር። ወሬው ወዲያው ቤቱ ደረሰ። ቡድኑ ውስጥ ሰርጎ የገባው የመንግሥት ወኪል ምስጢሩ መውጣቱን ለአለቆቹ ቢነግርም አልቆሙም። ተመልካቹ ይህን አውቆ ወኪሎቹን በከብት መጫኛ ተሳቢ ውስጥ ታጭቀው ሲመጡ ይይ። ገና ጥይት ሳይተኮስ ትንፋሹ ይቆማል።

የሌሊት ድምፅ፦
ለከበባው ደግሞ ድምፅ ተጠቀም። ከበባውን የያዘው ኤፍቢአይ (የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ) ሌሊቱን በድምፅ ማጉያ የሚታረዱ ጥንቸሎችን ጩኸት ይለቅ ነበር። ካሜራህ ከውስጥ ይሁን፤ ልጆች ጆሯቸውን ሲይዙ አሳይ። ሁለት ሰዎች ከቤቱ በወጡበት ዕለት ማታ መብራቱ ተቆረጠ። የኤፍቢአይ ተደራዳሪ የሠራውን የራሱ የኤፍቢአይ የታጠቀው ክፍል ሲያፈርሰው ማለት ነው፤ ድራማህ እዚህ ጋ ነው ያለው።

አርታኢ፦
በትዕይንት ሐሳብ እስማማለሁ። ኮሬሽን ግን እብድ አድርገህ አትሣለው፣ ፊልሙ ይሞታል። ሰው የያዘው በዮሐንስ ራእይ ስላሉት ሰባቱ ማኅተሞች ለሰዓታት እያስተማረ ነው፤ የሚያስፈራው ሲያሳምን ነው። በመጨረሻው ቀን ኤፍቢአይ ወደ ቤቱ የለቀቀው አስለቃሽ ጋዝ ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ተጀመረ፣ እሳቱ ከቀኑ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ተነሣ። ሕፃናትን ጨምሮ 76 ሰዎች ሞቱ። እነዚያን ስድስት ሰዓታት አታሳጥራቸው።